ሁለት ከሁለት፣ ሦስት ከሦስት

ወንድም ጋሼ፣
ሞደሙ አልተቃጠለም። ጥርሴን ያወለቅኸው በከንቱ ነው።

የተርሚናሉ ስክሪን ባዶ የሆነው በገመዱ ነው። ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ሽቦ አጠላልፈህ በየድካቸው። እንዲያ የሚደረገው ሁለት ኮምፒውተር ለማገናኘት ነው። ከተርሚናል ወደ ሞደም ግን ቀጥታ ነው፤ ሁለት ከሁለት፣ ሦስት ከሦስት። ይህን ልነግርህ አፌን ስከፍት ነው በቡጢ ያልከኝ።

ፈትቼ እንደገና በይጄዋለሁ። መጀመሪያ ሞደሙን አብራ፣ ከዚያ ተርሚናሉን።
የገመዱ ሶኬት ላይ ያለው ደም የኔ ነው። በአልኮል ጥረገው፣ ውሃ እንዳታስነካው።

መዶሻውን አትፈልገው፣ ይዤው ሄጃለሁ። አንተ ስታንኮራፋ አናትህ ላይ አንስቼው ቆሜ ነበር። አውርጄው ወደ ገመዱ ዞርኩ።
የቀረውን ሥራ አንተው ጨርሰው።

እማዬ ደውላ ነበር። ድምፄ ተኮላትፎባት ምን ሆንክ ስትለኝ ከደረጃ ወደቅኩ አልኳት። 
አባባ ሲደበድባት ለጎረቤት እንዲያ ነበር የምትለው። ያኔም ቤታችን ደረጃ አልነበረውም።
ይሄኛውም የለውም።