አደራ ተጭነን ከቡሬ የወጣንበት ሳምንት

ሰኞ፣ ሰኔ ፲፪

እንግዲህ ቁርጥ ነው፤ ክረምቱን ቡሬ አናሳልፍም። የት እንደምናሳልፍ ግን ገና ቁርጥ አይደለም።

ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛው፣ ጣልያን የምሽጉን ግንብ እያሰፋ እያሰፋ መጥቶ ከጓሯችን ጎመን ጋር ተዋስኗል። ሁለተኛው፣ አርበኞቹ በገበያ ሰው ልከው፣ መንገዱ ሲጨቀይ መኪናው ይቆማል፣ መኪናው ሲቆም እኛ እንመጣለን፣ ልጅ ያለው ልጁን ያርቅ ብለዋል። ጨዋዎች ናቸው፤ አስቀድመው ይናገራሉ። ጥይቱ ግን ከየትኛውም ወገን ቢመጣ በጎመናችን በኩል ነው የሚያልፈው።

የጊዜውም ነገር አለ። ብር ወንዝ ከሞላ እስከ መስከረም ልጅ ይዞ መሻገር የለም። የሚያውቁ ሰዎች ሳምንት ቀርቷል ይላሉ። የማያውቁት ደግሞ ዐሥር ቀን ይላሉ። እኔ የማያውቁትን ማመን እወዳለሁ፤ ባለቤቴ ዘመናይ ግን የሚያውቁትን ታምናለች።

ከቅዳሴ መልስ ተቀምጠን ያለንን አማራጭ ቆጠርን።

ፈረስ ቤት፣ የዘመናይ እኅት ዘንድ። ደጋ ነው፤ መኪናም ወባም አይወጣውም። ጉዳቱ ብርዱና የእኅትየው ባል ነው። ሰውየው ስለ አንድ የድንበር ክርክር ያወራል። ክርክሩ ጣልያን ሳይመጣ የተጀመረ ነው፤ ጣልያን ሲሄድም የሚያልቅ አይመስለኝም።

ሽንዲ፣ ወንድሜ ዘንድ። ማር አለ። ወባ አለ።

ጢስ ዓባይ። ይህ የትልቋ ልጄ የጥሩወርቅ ሐሳብ ነው። ሰባት ዓመቷ ነው፤ ውሃ ሲጨስ ማየት ትፈልጋለች። "ውሃው ከጨሰ እሳቱ የት ነው?" ብላ ጠየቀችኝ። ዐሥራ ሁለት ዓመት ቅኔ ቤት የተቀመጥኩት ሰው፣ እናትሽን ጠይቂ አልኳት።

ማንደፍሮ አምስት ዓመቱ ነው፤ ወዴትም ይሁን በካሚዮን፣ በጣልያን የጭነት መኪና፣ ነው ይላል። ትንሿ ውባለም ገና አትናገርም። ከቤታችን አስተዋይዋ እሷ ናት።

ማክሰኞ፣ ሰኔ ፲፫

ዛሬ ስሕተት ሠራሁ።

ነገሩ በምስጢር መያዝ ነበረበት። ከከተማ ለመውጣት የይለፍ ወረቀት ያሻል፤ ፈረስ ቤት እሄዳለሁ ለሚል ደግሞ ወረቀት አይሰጥም፤ አገሩ የአርበኛ ነውና። እኔ ግን የማንደፍሮ የክርስትና አባት አያ ጥሩነህ አህያውን እንዲያውሰኝ ልለምን ሄድኩ። አህያ የሚለምን ሰው ደግሞ ወዴት እንደሚሄድ ሳይናገር አይሆንም። "ምናልባት በጅጋ በኩል ወደ ፈረስ ቤት" አልኩት። ምናልባት ማለቴን እዚህ ጽፌዋለሁ፤ ሌላ የያዘልኝ ሰው የለም።

"በእኔ ይሁንብህ፤ ከዚች ደጃፍ አትወጣም" አለኝ።

እውነቱን ነው፣ በደጃፍ አልወጣችም። በአጥር ነው የወጣችው። ምሳ ሳንበላ ጎረቤታችን እማማ ጠጀ ገንቦ አዝለው ገቡ።

"የኔታ፣ ብር ማዶ ያለችው ልጄ ወልዳ ተኝታለች። ይችን ድልህ ብቻ ያድርሱልኝ።"

"ብቻ" የተባለው ገንቦ የማንደፍሮን ቁመት ያህላል። ተቀበልኩ። ምን ላድርግ? አደራ የማይቀበል መንገደኛ መንገዱ አይቀናውም ይባላል። የሚቀበለው ደግሞ መንገድ ሳይጀምር ይመሽበታል። ይህን የምለው እኔ ነኝ።

ረቡዕ፣ ሰኔ ፲፬

እስካሁን የገባ አደራ፦ የእማማ ጠጀ ድልህ። ነጋዴው አያ ሰይድ ለጅጋ ደንበኛቸው የላኩት አንድ ጣቃ አቡጀዲ። የንስሐ አባቴ ለማንኩሳው ቄስ የላኩት አውራ ዶሮ፣ በሕይወት ያለ፤ ጾም ስለሆነ በሰላም ይደርሳል ብለዋል። አንድ ወንፊት፤ ወንፊት ደግሞ ከላይ ካልሆነ ከምንም በታች አይጫንም። ኮሶ ሁለት እስር። አንድ የወይራ ዱላ። በቃል የሚነገር ሰላምታ ዐሥራ አምስት፤ ከነዚህ ውስጥ አንዱ ሰላምታ አይደለም፣ ስድብ ነው፤ እሱንም በአደራ ተቀብያለሁ።

ለሽንዲ የመጣ አደራ የለም። ለጢስ ዓባይም የለም። ስለዚህ ምርጫው አልቋል። ዘመናይ ነገሩን ስትሰማ፣ "እኛ ለመምረጥ ሰኞ ሙሉ ቀን አንጎላችን ዞረ፤ ሰዉ በአንድ ጧት መረጠልን" አለች። ጥሩወርቅ ስለ ጢስ ዓባይ ጥቂት አለቀሰች። ከዚያ ዶሮውን ስም አወጣችለት።

ሐሙስ፣ ሰኔ ፲፭

ለይለፍ ወረቀት ምሽጉ ሄድኩ።

አስተርጓሚው ዳምጤ ይባላል። ገና ትንሽ ልጅ ሳለ ከብር ማዶ አኮፋዳ ይዞ መጥቶ ፊደል ያስቆጠርኩት እኔ ነኝ። ያኛውን ቋንቋ ያስተማረው ሌላ ነው። መኰንኑ ወዴት ነው ብሎ ጠየቀ። ጅጋ፣ ለንግሥ አልኩ። ዳምጤ ተረጐመ። ከዚያ መኰንኑ ወደ መስኮቱ ሲዞር በአማርኛ፣ "ጅጋ ብቻ?" አለኝ።

"ጅጋ ብቻ።"

"ባለቤትዎ ትናንት ከገበያ ሦስት ቡልኮ ገዝታለች። ጅጋ እንዲህ ይበርዳል የኔታ?"

ፊደል ሳስቆጥረው በአለንጋ የነካሁት ሁለት ጊዜ ነው ወይስ ሦስት እያልኩ አሰብኩ። ማኅተሙ ወረደ፤ ወረቀቱን ሰጠኝ። ወደ በሩ ስሄድ ተከተለኝ፤ ከጠረጴዛው ሥር የነበረ ጥቅል በክንዴ ላይ አኖረ።

"ለእናቴ ነው። እመት አልጋነሽ ብለው ቢጠይቁ ከብር መልካ፣ ከመሻገሪያው በላይ ያለ ሰው ሁሉ ያሳይዎታል። ጋቢ ነው። ሸማኔው የኛው ሰው ነው፣ ድሩም ማጉም የኛው ነው በሏት።"

"ሌላስ ምን ልበላት?"

"ይህን ካሉልኝ ይበቃል። ሦስት ዓመት ሙሉ የላክሁትን ስትመልስ ኖራለች። አደራ የኔታ።"

ቤት ደርሼ ለዘመናይ ስነግራት ጥቅሉን እንደ ትኩስ ድስት አየችው። ከዚያ ወስዳ ከሁሉ በላይ አስቀመጠችው።

ዓርብ፣ ሰኔ ፲፮

የመጫን ልምምድ። ሐሳቡ የኔ ነበር፦ ከአያ ጥሩነህ በተዋስነው አህያ ግራና ቀኝ ሁለት ትልልቅ ቅርጫት፣ በአንዱ ጥሩወርቅ፣ በሌላው ማንደፍሮ፤ ውባለም በእናቷ ጀርባ፤ ዕቃው በበቅሏችን። ጥሩወርቅ ስለምትከብድ በማንደፍሮ በኩል ዳዊቴንና የሰዋስው ጥራዞቼን ጨመርኩ። ሚዛኑ ልክ ሆነ። በሕይወቴ ሰዋስው ለአንድ ነገር ሲጠቅም ያየሁት ዛሬ ነው።

ከዚያ አደራው መጣ። ገንቦው በአንዱ ቅርጫት ገባ፤ ጣቃው በሌላው። ልጆቹ መሬት ላይ ቀሩ።

"አንቱ" አለች ዘመናይ። በደኅና ቀን አንተ ነው የምትለኝ። "አንቱ፣ የምናሸሸው ልጆቻችንን ነው ወይስ የሰው ድልህ?"

ገንቦውን ከቅርጫቱ ሳወጣ ዝናብ መጣ። ከባድ ነው፤ የመጀመሪያው የእውነት ዝናብ። ሁለታችንም የምናስበው ወንዙን ነው። አንዲት ሴት መጥታ የሷ አደራ ነገ ከሰዓት ስለሚደርስ አንድ ቀን እንድንጠብቅላት ለመነችን። ዘመናይ በትሕትና ሸኘቻት። ትሕትናዋን ሳይ እኔ እንኳ ፈራሁ።

ነገ እንወጣለን።

ቅዳሜ፣ ሰኔ ፲፯

ወጣን። በምስጢር መሆኑ ቀርቶ ሠላሳ የሚሆን ሰው ሸኘን። ሽኝት ሲባል እስከ ወንዝ ነው፤ የከተማው በር ግን ከወንዙ በፊት ይመጣል። በሩ ላይ ያለው አስካሪ፣ የጣልያን ቅጥር ወታደር፣ ሕዝቡን አይቶ ጠመንጃውን አስተካከለ።

"ይኼ ሁሉ ሰው የት ነው የሚሄደው?"

"እኛ ነን የምንሄደው" አልኩ። "እነሱ የሚመለሱ ናቸው።"

ማንደፍሮን ጅጋ፣ ለንግሥ ነው በል ብለን ሦስት ቀን አስጠንተነዋል። አስካሪው ወደሱ ጎንበስ ብሎ ወዴት ነው አለው። ልጄ ደግሞ ያጠናውን ትቶ አደራውን ከድልሁ ጀምሮ በተራ ቆጠረለት፤ ስድቡን ሳያስቀር፣ ከነቃሉ። አስካሪው ፊቱ ተለዋወጠ። ዕቃውን አውርዱ አለ።

እያንዳንዱ ተፈታ። ኮሶው ተሸተተ። ወንፊቱን ወደ ፀሐይ አንሥቶ አየበት። ዶሮው በዚህ መካከል አምልጦ በምሽጉ አጥር ሥር ገባና ሁለት አስካሪ ተከተሉት። ሲመለሱ ጭቃ በጭቃ ነበሩ፤ ዶሮው ግን ንጹሕ ነው። ዳምጤ ከግንቡ ላይ ሆኖ ያይ ነበር። የሱ ጥቅል ሲፈታ ፊቱን አዞረ።

እለፉ ተባልን። ፈረስ ቤት የሚል ቃል ከማንደፍሮ አፍ አልወጣም። ስለ አደራው ሲያስብ ረስቶት ይሆናል።

ገንቦው በበቅሎዋ ላይ ነው፤ ልጆቹ በቅርጫቱ፤ ጣቃውን እኔ ተሸክሜዋለሁ።

እሑድ፣ ሰኔ ፲፰

ማንኩሳ። ትናንት ማታ ገብተን፣ ሰንበት ስለሆነ ዛሬ ዋልን። ዶሮውን ለቄሱ አስረከብን፤ ጥሩወርቅ ተሰናብታ አለቀሰች። ቄሱ በምትኩ ለጅጋ ሁለት አደራ ሰጡን። አንድ አወረድን፣ ሁለት ጫንን። በዚህ አኳኋን ከሄድን ፈረስ ቤት ስንደርስ ግመል ያሻናል።

ከሰሜን በኩል ሰማዩ ሲያጓራ ዋለ። እዚያ ላይ የሚዘንበው ነገ እኛ ጋ የሚደርሰው ውሃ ነው።

ሰኞ፣ ሰኔ ፲፱

ፍተሻም ተኩስም እንዳይገጥመን የመኪናውን መንገድ ትተን በድሮው መንገድ ወረድን። ቀትር ላይ ብር ወንዝ ደረስን። ቡናማ ሆኗል፤ ግንድ ይዞ ይሄዳል። ትናንት ጉልበት ድረስ ነበር አሉ። ዛሬ ወገብ ድረስ ነው፤ ነገ ደግሞ ማን ያውቃል።

ማዶ ከሾላው ሥር አራት ጎልማሶች ተቀምጠዋል። ተጣራሁ። አሻግሩን አልኩ።

"ነገ ይጎድላል" አለ አንዱ፣ ሳይነሣ።

"ልጆች ይዘናል።"

"አየናቸው" አለ።

ሰዎቹ ክፉ አይደሉም። በዚያ ውሃ ውስጥ መግባት ለማንም ቀላል አልነበረም። መመለስ አሰብኩ። ማንኩሳ፣ ከዚያ ቡሬ፣ ከዚያ ጎመኑ። ቅርጫቱ ውስጥ ማንደፍሮ ካሚዮን ቢሆን ይሻገር ነበር ይላል።

ዘመናይ ድምፅ አውጥታ ስትጮኽ በትዳራችን ሰምቼ አላውቅም። ውባለምን እንዳዘለች እስከ ቁርጭምጭሚቷ ውሃው ውስጥ ገባች። "የቡሬዋ የእማማ ጠጀ አደራ ይዘናል፤ ለአራሷ ልጃቸው!"

ከአራቱ አንዱ ቆመ። "የማን?"

"የእማማ ጠጀ። ድልህ።"

"አማቴ ናት" አለ። እጀ ጠባቡን ሲያወልቅ ሌሎቹም ተነሡ። "ዕቃዋ ውሃ ቢበላው እኔን በሕይወት አታኖረኝም።"

መጀመሪያ የተሻገረው ድልሁ ነው፣ በራስ ላይ። ቀጥሎ ማንደፍሮ በትከሻ፣ ጥሩወርቅ በትከሻ። ዘመናይን ሁለቱ ግራና ቀኝ ይዘዋት ሄዱ፤ ውሃው ደረቷ ላይ ሲደርስ ውባለም በጀርባዋ እጇን ታጨበጭብ ነበር። እኔ በቅሎዋንና አህያውን ይዤ ስገባ ወንፊቱ ከላይ ተነሥቶ ሄደ። በወንፊት ውሃ ሲወሰድ አላየሁም፤ ውሃ ወንፊት ሲወስድ ግን አየሁ። ወንፊቱን የላከችውን ሴት ፊት እንዴት እንደማይ አላውቅም።

ዳዊቴ ረጥቧል። ልጆቹ ደረቅ ናቸው።

ማክሰኞ፣ ሰኔ ፳

እመት አልጋነሽን አገኘናቸው። ከመልካው በላይ፣ ከመኪናው መንገድ ግማሽ ቀን የሚርቅ ቤት ነው። ቀጭን ናቸው፤ ዐይናቸው የዳምጤ ነው። ልጆቹን አይተው ምንም ሳይጠይቁን ንፍሮ አቀረቡ። ከተበላ በኋላ ጥቅሉን አወጣሁ።

"ከማን ነው?"

"ከልጅዎ ከዳምጤ።"

"ሞቷል?"

"አልሞተም።"

"ታሟል?"

"ደኅና ነው።"

"እግሩ ተቆርጧል?"

"የለም፣ እመት።"

"እንግዲያ ለምን በሰው ይልካል" አሉ። ሸማኔውም፣ ድሩም፣ ማጉም የኛ ነው አልኩ። "ልጁም የኛ ነበር" አሉ። "አልቀበልም። ዛሬ አልቀበልም።"

ጥቅሉን ግድግዳው ሥር አስቀመጥኩት። ደጅ ወጥተን ከዘመናይ ጋር ተመካከርን። ፈረስ ቤት ከዚህ አንድ ቀን ተኩል ሽቅብ ነው፤ መካከል ላይ ሌላ ወንዝ አለ። አደራ ይዞ መሄድ አይቻልም፤ ጥሎ መሄድም አይቻልም፤ ብር ከሞላ መመለስም የለም። ተመልሰን ስንገባ ሴትዮዋ ልጆቹን ቡልኮ አልብሰዋቸዋል።

"እስኪቀበሉ ድረስ መሄድ አንችልም፣ እመት" አለች ዘመናይ።

"እንዴታ" አሉ። "አደራ አይደለም እንዴ? ነገ ጠይቁኝ።"

ረቡዕ፣ ሰኔ ፳፩፣ ማርያም

ብር ሞልቷል፤ ድምፁ እዚህ ድረስ ይሰማል። ከቡሬ በኩል ደግሞ ሌላ ድምፅ አለ፣ ከጧት ጀምሮ። ማንደፍሮ ነጎድጓድ ነው አለ። አልተከራከርኩትም። እመት አልጋነሽ ሥራቸውን አቁመው ወደዚያ ዞረው ብዙ ቆሙ።

በመጡ ጊዜ ጠየቅኋቸው። አልቀበልም አሉ። ነገ ጠይቁኝ አሉ። ከዚያ የምስር ክክ ሰፍረው ለዘመናይ ሰጧት፤ ለአምስት ሰው የሚበቃ ሳይሆን ለክረምት የሚበቃ። የአያ ሰይድን ጣቃና የማንኩሳውን ቄስ ሁለት አደራ የጅጋ ገበያ ቀን ሲደርስ ጎረቤታቸው ያደርስልኛል። ስድቡንም እንዲጨምር ነግሬዋለሁ። ጥሩወርቅ ጢስ ዓባይ ከዚህ ስንት ቀን እንደሆነ ጠይቃቸው፣ ሦስት ክረምት ብለዋታል። አሁን ትቆጥራለች።

ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሲብስ ጣራው በግድግዳው በኩል ማንጠባጠብ ጀመረ። እኔ የረጠበ ዳዊቴን ገጽ በገጽ እየገለጥሁ አደርቅ ነበር፤ እመት አልጋነሽ የማያቸው አልመሰላቸውም። ተነሡ፤ ጥቅሉን አነሡት፤ በእጃቸው ጥቂት መዘኑት። ከሚያንጠባጥበው ሥር ወስደው መደባቸው ላይ ከራስጌ አኖሩት።

ዐይኔን ወደ ዳዊቴ መለስኩ። ነገም እጠይቃቸዋለሁ።