ሰውየው የለበሰው ቀሚስ

ልጄ ሰብሌ፣ ሰላምታዬ ከደባርቅ አዲስ አበባ ድረስ ይድረስሽ። እኛ ደኅና ነን፤ ገብሱም ታጭዷል።

እሑድ መድረክ ላይ ቀልድ ስታቀርቢ በቴሌቪዥን ልናይሽ ጎረቤታችን ውቢት ቤት ተሰብስበን ነበር። በአንቺ ተራ ግን ቀሚስ የለበሰ ወንድ ወጥቶ እንደ እኛ አገር ሴት ልናገር አለ። ወደ ዳባት ስሄድ ሚኒባስ ውስጥ ዶሮዬ አምልጣ ሾፌሩ ትከሻ ላይ ያረፈችውን፣ ላንቺ ብቻ የነገርኩሽን፣ የራሱ አድርጎ አወራው። ዶሮ በእግሯ እንደምትታሰር እንኳን አያውቅም። ውቢት፣ «የሴቱን ቀልድ የምታወራ ሴት ጠፍታ ነው እቴ?» አለችኝ።

ቀሚሱን በጥለቱ አወቅሁት፤ ለፋሲካ ያሰፋሁልሽ ነው። ትከሻው ላይ ጠቦታል፣ እንዳይቀድደው ንገሪው። ስልክሽ ስለማይነሳ ነው የጻፍኩት። ሌላ ላሰፋልሽ ነውና፣ ከስተሽ እንደሆነ ልክሽን ላኪልኝ።

በወጣሽበት ሁሉ እመብርሃን ትከተልሽ።

እናትሽ ባንቻየሁ