ልጄ ሞተር የለውም አሉ

ኖቬምበር 3፣ 2005

ኤርፖርት ውዬ መጣሁ። እንደ ሁልጊዜው… ዊልቸር መግፋት፣ ፍተሻ ማሳለፍ፣ መሳፈሪያው ጌት ማድረስ። አንዷ አሮጊት መንገዱን ሙሉ የውሻዋን ፎቶ ስታሳየኝ ነበር። ቆንጆ ነው አልኳት፣ ምን ልበል?

ምሳ ላይ ዙለይሃ «ልጅሽ ጋዜጣ ላይ ወጣ አይደል?» አለችኝ። አብራኝ ነው የምትሠራው፣ የቤቴ ወሬ ሳይቀር ከኔ ቀድሞ ይደርሳታል። ቤት ስገባ ሩትን ጠየቅኋት።

«አዎ ማሚ፣ ስካውቶች እያዩት ነው» አለች፣ ከኮምፒውተሩ ቀና ሳትል። ስካውት ማለት ለትልልቆቹ የአሜሪካ ፉትቦል ቡድኖች፣ ኳሱን በእጅ ለሚይዙት፣ ተጫዋች የሚመለምል ሰው ነው አለችኝ። ወንድሟ ኪዳኔ ግን አንድም ነገር አልነገረኝም። ኮሌጅ ከገባ ወዲህ ምን ይነግረኛል? «ደህና ነኝ፣ በልቻለሁ፣ ቻው።» አለቀ።

ኖቬምበር 8

የዛሬውን ሳልጽፍ አልተኛም።

ዛሬ አንድ ሽማግሌ ደረሰኝ። ዳሌውን የሚያመው፣ ግዙፍ፣ ስልክ ከጆሮው የማይነቅል። እየገፋሁት ያወራል። «ሴንት ፖል ኮሌጁ ጋ ነበርኩ። ያንን ትልቁን ኢትዮጵያዊ ልጅ አየሁት።» ስካውት ነው ለካ! ሴንት ፖል ውስጥ ፉትቦል የሚጫወት ትልቅ ኢትዮጵያዊ ልጅ ከኔ ኪዳኔ ሌላ ማን አለ? ጆሮዬን አቆምኩ። ባላቆም ይሻለኝ ነበር።

«ሥጋ ብቻ ነው» አለ። «ወገቡ ደረቅ ነው፣ አይታጠፍም። ሞተር የለውም፣ አንዴ ይሠራል፣ ሁለቴ ያርፋል። ቤተሰብ ያለውም አይመስልም። የሚያየው ሰው መጥቶ አያውቅም አሉኝ።»

ሞተር! ልጄ መኪና ነው እንዴ?

መሀል መተላለፊያ ላይ ቀጥ ብዬ ቆምኩ። «ጌታዬ፣ ያ ልጅ የኔ ልጅ ነው» አልኩት።

ስልኩን ዘጋ። ያፍራል ብዬ ጠበቅሁ። ማፈር የታለ? ዓይኑ በራ! «የምርሽን ነው? አባቱ ቁመቱ ስንት ነው? ወንድሞችሽ ሲያረጁ ይወፍራሉ? የልደት ቀኑ ትክክለኛው ነው?» በሬ ሊገዛ ገበያ የወጣ ሰው እንኳ እንዲህ አይጠይቅም። ያውም እኔው እየገፋሁት!

ቀጠለና «ፉትቦል ግን ይወዳል?» አለኝ።

ደሜ ፈልቶ ነበር። «ልጄ ሥራ ፈት መሰለህ? የሚጫወተው ትምህርቱን እንዲከፍሉለት ነው። ዲግሪውን ይዞ ይወጣል። ለናንተ ጨዋታ ደንታም የለው!»

ጭንቅላቱን ነቀነቀ። «አመሰግናለሁ፣ ጠቃሚ ነገር ነው የነገርሽኝ» ብሎ ካርዱን ሰጠኝ። ጌት አደረስኩት።

ልኩን ነገርኩት አይደል? ታዲያ ለምንድን ነው ካርዱን ያልጣልኩት?

ኖቬምበር 10

ባሌ ጌቱ ከነብራስካ ደወለ። ይሄ የትራክ ሥራ ከቤቱ አጠፋው እንጂ እሱም ቢኖር ያንን ሰውዬ…

«ቤተሰብ የለውም አለ? እኔ እያለሁ?» አለ የሰውዬውን ስነግረው።

«አዎ።»

«አንቺስ ምን አልሽው?»

ነገርኩት። «አስኩ፣ ይሄን እንኳ ባትይው…» ብሎ ተወው።

ለምን? ምን አጠፋሁ?

ኖቬምበር 13፣ እሑድ

ኪዳኔ መጣ። ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ነው የጀመረኝ። ሰውዬው ለአሰልጣኙ ደውሎ፣ አሰልጣኙ ደግሞ እሱን ጠርቶት…

«ማሚ፣ ምን ብለሽ ነው ያወራሽው?» በአማርኛ ጀመረ። ሲናደድ ወደ እንግሊዝኛው ገባ። «ቀርፋፋ ነው በይ፣ ደካማ ነው በይ፣ ግድ የለም። አይወደውም አይባልም! እናቱ አይወደውም ያለችውን ልጅ ማን ይወስዳል?»

«የሰደበህን ሰው ነው የመለስኩት!»

«መሳደብ አይደለም፣ ሥራው ነው!»

«ትወደዋለህ እንዴ?» አልኩት። እውነቴን ነው የጠየቅሁት፣ አላውቅም ነበር።

አየኝ። «አራት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ጠይቀሽኝ ታውቂያለሽ?»

ጨዋታው ቅዳሜ ቅዳሜ ነው፣ እኔ ሥራ ነኝ። ደግሞም አንዴ ሄጄ ከሰው ክምር ሥር ሲወድቅ አይቼ ሁለተኛ አልሄድም አልኩ። ነገርኩት። «ስትወድቅ ማየት አልችልም!»

«ወድቄ አይደለም» ብሎ ወጣ። የሠራሁለትን ፍርፍር አልነካውም።

ኖቬምበር 19፣ ቅዳሜ

ከሱፐርቫይዘሩ ጋር ተጣልቼም ቢሆን ኦፍ ወሰድኩ። ከሩት ጋር ሄድን። የዓመቱ የመጨረሻ ጨዋታቸው ነው።

ብርድ! አፍንጫዬ ወለቀ አልኩ። ኪዳኔን ብቻ አየሁ። ከፊት መስመር መሀል ላይ ጎንበስ ይላል፣ ኳሱ ሲነሳ ሁለት ወፋፍራሞች ይላተሙታል፣ እዚያው ይጋፋል። በቃ። አይሮጥም፣ ሰው አይዝም። የሚጨበጨበው ከኋላው ላሉት ነው። ሰውዬው እውነቱን ይሆን እንዴ?

ሲያልቅ ፓርኪንጉ ውስጥ አገኘነው። መቻል አቃተኝና «ለምን ቆመህ ትውላለህ?» አልኩት።

ይቆጣል ስል ሳቀ። ቦርሳውን በረዶው ላይ ጣለና ጎንበስ አለ። «አንቺና ሩት ግፉኝ» አለ።

«ታመሃል?»

«ግፉኝ!»

ገፋነው። ሩት ትስቃለች፣ እኔ ግን የምሬን ነው፣ የሳምንቱ ንዴት ሁሉ ነበረብኝ። ግድግዳ! ንቅንቅ አላለም።

«አሁን ሁለታችሁም እኔ ጋ ናችሁ» አለ። «ከኋላዬ ያለውን ጓደኛዬን ማን ያዘው? ማንም። እሱ ሄዶ ኳስ የያዘውን ይጥላል። አሰልጣኙ ቦታህን አትልቀቅ ብሎኛል። ሥራዬ ይሄ ነው፣ ማሚ።»

«ታዲያ ሰውዬው ይሄን አያውቅም?»

«ያውቃል። ግን እነሱ የሚፈልጉት የሚሮጥ ነው።»

መኪና ውስጥ ከገባን በኋላ ለምን እንደሚወደው ጠየቅሁት። «ከልጅነቴ ጀምሮ ተጠንቀቅ ስትሉኝ ነው ያደግሁት። ሰው ትገፋለህ፣ ዕቃ ትሰብራለህ፣ ቀስ በል… ትምህርት ቤትም እንደዚያው ነበር። ሜዳ ላይ ማንም ተጠንቀቅ አይለኝም።»

መኪናውን አስነሳሁ። እኔ ነኝ ተጠንቀቅ ስለው የኖርኩት።

ዲሴምበር 6

ካርዱን ፈልጌ ሽማግሌው ጋ ደወልኩ። ሳላመነታ ነገርኩት፤ ተሳስቼ ነው፣ ልጄን አላውቀውም ነበር፣ ይወደዋል፣ ከምንም በላይ ይወደዋል።

በትሕትና ነው የመለሰልኝ። «እመቤት፣ እናት ስለ ልጇ ጥሩ ብትናገር አንጽፈውም። ሁሉም እናት እንደዚያ ነው የምትለው።»

«መጥፎውን ስናገር ግን ጽፈሃል!»

«እሱማ… እናት መጥፎ ስትናገር እውነት ነው።»

ዘጋሁበት! ምን ዓይነት ሚዛን ነው ይሄ? በክፉ ነገር ብቻ የምታመን ምስክር ሆንኩ? ሰሐን ሳጥብ ሁለት ብርጭቆ ሰበርኩ። ደግ አደረግሁ።

ኤፕሪል 30፣ 2006

ድራፍቱ ትናንትና ዛሬ ነበር። ቡድኖቹ ተራ በተራ የመረጡትን ልጅ ስም ይጠራሉ። ጌቱ ፈቃድ ወስዶ መጥቷል፣ ቲቪው ፊት ለፊት ሸሚዙን ተኩሶ ተቀመጠ። ስም ሲጠራ ይነሳል፣ ተመልሶ ይቀመጣል።

ኪዳኔን አልጠሩትም።

ሩት ኢንተርኔት ላይ ስለሱ የተጻፈ አገኘች። አንብቢልኝ አልኳት። እምቢ አለች። አንብቢ! «ጠንካራ። ቦታ ይይዛል። ለጨዋታው ያለው ፍቅር አጠራጣሪ።»

ኪዳኔ ተነስቶ ቲቪውን አጠፋው። «ይቅርታ አድርግልኝ» አልኩት። ትከሻዬን ያዝ አደረገኝ። «ወገቡ ደረቅ ነው ያሉት ግን እውነት ነው» አለና በዚያ ሁሉ መሀል ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። አሁንም አልሳቅም።

ሜይ 22

ዲግሪውን ተቀበለ። ለቁመቱ የሚሆን ጋውን አላገኙለትም፣ ጉልበቱ ላይ ቀረ። ማታ ደግሞ ካናዳ ካለ ቡድን ተደወለለት። መጥተህ ሞክር አሉት። ዊኒፔግ ነው፣ በመኪና የሚደረስበት።

«ስለ ፍቅርህ ጠየቁህ?» አልኩት።

«ክብደቴን ብቻ» አለ።

ይሻላል።

ጁላይ 29

ዊኒፔግ። ጌቱ ድራይቭ አደረገ፣ እኔና ሩት ከኋላ። ልጄ ቡድን ውስጥ ገብቷል! ሦስተኛ ተጠባባቂ ነው ቢሉም ዛሬ አስገቡት።

መሀል ላይ ጎንበስ አለ። ሁለቱ መጡበት። ያዛቸው። ከኋላው ያለው ልጅ እንደ ውሃ ሾልኮ ኳስ የያዘውን ጣለው። ጌቱ የጣለውን ልጅ ሊያጨበጭብለት ተነሳ። እጁን ያዝኩት። «እሱን ሳይሆን የኛን እይ!» አልኩት። አሳየሁት። ገባው።

ከዚያ አሰልጣኙ ኪዳኔን ጠርቶ አስወጣው። ለምን? ምን አጠፋ? ገና መሞቁ ነው! ብድግ ብዬ ጮህኩ መሰለኝ፣ ሰዎች ዞረው አዩኝ። ይዩኝ!

ሩት ቀሚሴን ጎተተችኝ። «ማሚ ተቀመጪ፣ እያሳረፉት ነው።»

«ማን ደክሞኛል አላቸው?» አልኳት። «ይመልሱት!»