ክንድ ላይ ያለ ጋሻ «አልተነሳም» ስለተባለበት ፍርድ

ለተከበሩት የጨዋታችን ዳኛ፣
ከቀለም መሸጫው በስተጀርባ ባለችው ክፍል፣

ጤናዎ፣ እንቅልፍዎ፣ በተለይም ያ እንከን የማይወጣለት የንባብ ችሎታዎ እንደምን ሰንብተዋል? ድሮ «አንተ» እልዎ ነበር፤ ካለፈው ዓርብ ፍርድዎ ወዲህ ግን አንቱታው ሳልጠራው ራሱ መጣ።

ይህን በሩ ላይ ተለጥፎ አግኝቶ ለሚያነብ ሁሉ፣ ነገሩ እንዲህ ነው። በየሳምንቱ ጠረጴዛ ከበን፣ ዳይስ እየጣልን፣ በምናብ በሰይፍና በጋሻ እንዋጋለን። የደንቡ መጽሐፍ «ጋሻውን ያነሳ ተዋጊ አጠገቡ የቆመውን ከሰይፍ ያድናል» ይላል። እህቴ የምትመራው ሰይፈኛ አጠገቤ ቆሞ ሳለ ጠላት ሰነዘረበት፤ እኔም በጋሻዬ ከለልኩት።

፩. እርስዎ መነጽርዎን አስተካክለው «ማንሳት ማለት ከመሬት ነው፤ ያንተ ክንድህ ላይ ስለነበር አላነሳኸውም» ብለው ፈረዱ፤ ሰይፈኛውም ሞቶ ከጨዋታው ወጣ። ሰው ለማዳን መጀመሪያ ጋሻን መጣል፣ ቀጥሎ ጎንበስ ብሎ ማንሳት፣ ጠላትንም እስከዚያው እንዲታገስ መለመን እንደሚገባ ስላስተማሩን እናመሰግናለን።

፪. ባለፈው ወር ግን የገዛ ወንድምዎ ጋሻውን ከክንዱ ሳያወርድ ባልንጀራውን ሲያድን መጽሐፉ ዝም ብሎ ነበር። ደንብም ዘመድ ያውቃል ማለት ነው።

፫. ሰይፈኛው የእህቴ ሳይሆን የሟች ባሏ ነበር። እርሱ ካረፈ ወዲህ ከቤት የምትወጣው ያንን ሰይፈኛ ለመጫወት ብቻ እንደሆነ፣ እንደ ባሏ እየፎከረች የምትስቀውም እዚያ ወንበር ላይ ብቻ እንደሆነ፣ እርስዎ የሟቹ አብሮ አደግ በሚገባ ያውቁ ነበር። ሲፈርዱ አልተከራከረችም። ቀስ ብላ «ጋሻው ክንዱ ላይ ነበር እኮ» አለች፤ ጣት የምታክለውን የፕላስቲክ ሰይፈኛ በመሃረብ ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ወጣች። ከዚያ ወዲህ ለእኔም በር አትከፍትም። በጨዋ ቋንቋ ከዚህ በላይ ማለት አልችልም።

ፍርድዎን ይሻሩ ብዬ አላስቸግርዎትም፤ ትክክል መሆን እንዴት እንደሚጣፍጥዎ አውቃለሁና።

ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሳ፣
የማንም ጋሻ ጃግሬ ያልሆንኩ፣
የእህቴ ወንድም

ማስታወሻ፦ እህቴን ለማጽናናት ከመጡ የባሏን ስም እንዳያነሱባት አደራ። በእርስዎ ትርጉም የሚነሳው መሬት የወደቀ ብቻ ነው፤ እርሱን ደግሞ ሁለተኛ ጊዜ የጣሉት እርስዎ ነዎት።