ሚስማሩን ሲነካ

ለምወድሽ እህቴ፣ ለእታለሜ፤

እንዴት ሰነበትሽ? የወገብሽ ሕመም ለቀቀሽ ወይ? ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኔ ወባ ይዞኝ አልጋ ላይ ሰንብቼ ነበር፤ አሁን ተነሥቻለሁ፤ ከብቸኝነት በቀር የሚያመኝ የለም።

“ያ ሥራህ መቼ ነው የሚያልቀው?” ብለሽኝ ነበር። ሥራዬ ይኸው ነው፤ ዝናብ በማያባራበት ጫካ ውስጥ የዛፍ ሽበት መለካት። ሥር የለው፣ ቅጠል የለው፤ እንደ ቋቁቻ ቅርፊት ላይ ተለጥፎ የሚኖር ስስ ነገር ነው። በየወሩ ስስ ላስቲክ ዘርግቼበት የዳሩን መስመር በላዩ እስላለሁ። በዓመት የሚሰፋው የክር ውፍረት ያህል ነው። አለቃዬ ከዳሩ ጥቂት ራቅ አድርጋ ሚስማር መታችና “እዚህ ሲደርስ ይበቃናል” አለች። እኔም “ሚስማሩን ሲነካ እመጣለሁ” ብዬ ጻፍኩልሽ። ዘጠኝ ዓመት ሆነው።

ታዲያ ታምሜ በተኛሁበት ሳምንት ዘበኛችን ጉድ ሠራኝ። እዚህ ከእሱ ሌላ የማወራው ሰው የለም። በየወሩ ተንበርክኬ ግንዱን በማጉያ መነጽር ስመለከት፣ ለካ ዛፉን የማክመው መስሎት ኖሯል! “አንተ እስክትነሣ እንዳይብስበት ብዬ ነው” አለኝ። በሽቦ ብሩሽና በሳሙና ፈግፍጎ አጥቦታል፤ ግንዱ ፏ ብሏል። አፌ እንዳመጣልኝ ሰደብኩት። ባልዲውን አንጠልጥሎ ሄደ። ይኸው አምስት ቀኑ፣ በሩቁ ቆቡን ነካ አድርጎ ያልፋል። ምግቤን ብቻዬን በልቼ ሳህኔን ብቻዬን አጥባለሁ።

ለጥናቱ ተቆርቁሬ እንዳይመስልሽ። የተናደድኩት መቆያ ምክንያት ስላሳጣኝ ነው። ለማንም ያልነገርኩትን ልንገርሽ፤ ያ ነገር ሚስማሩን ከነካው ሁለት ዓመት አልፎታል። ላስቲኩ ላይ ግን በየወሩ ትንሽ ወደ ኋላ መለስ አድርጌ እስል ነበር። ከአባባ ጋር ተኳርፌ እንደወጣሁ ታውቂያለሽ። ፊታቸው መቆም ፈራሁ። መታመማቸውን ስትጽፊልኝ “ትንሽ ቀረው” አልኩሽ። ያኔ ነክቶ ነበር፣ እታለም። ካረፉ በኋላ ደግሞ አንቺን ፈራሁ።

አሁን ግንዱ ታጥቧል፤ ባልነግርሽ ኖሮ ማንም አያውቅም ነበር። ዘበኛውን ዛሬ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ፤ ለአለቃዬም እውነቱን እጽፍላታለሁ።

ልጆቹን ጉንጫቸውን ሳሚልኝ። ለባልሽ፣ ለአማትሽም ሰላምታዬን አድርሽልኝ። ለአባባ ግን በሰው አልልክም፤ በር ከከፈትሽልኝ፣ መቃብራቸው ድረስ ራሴ አደርሰዋለሁ።

ወንድምሽ
ከጫካው ጣቢያ፣ ሰኔ 9 ቀን