የአባዬ ሞተር ድምፅ

ጥቅምት 4

“ለመሆኑ ይሄ ዘይት ላይ የሚጨመረው ነገር ሞተር ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል?”

መኪና ያለው ሰው ሁሉ አንድ ቀን ሳይጠይቀው አይቀርም። ዛሬ አንድ ሰውዬ ጠርሙሱን እያገላበጠ ጠየቀኝ። መልሱን እንደ ውሃ ጠጥቼዋለሁ… ፍትጊያ ይቀንሳል፣ ዕድሜ ያረዝማል፣ ድምፅ ያጠፋል። “ኢንጂነር ነሽ?” አለኝ። ነኝ አልኩት። ገዛ።

ከተመረቅኩ የመጀመሪያ ሥራዬ። ሱቅ ቢሆንም ነጭ ጋውን አለው። የሙከራ ጊዜዬን ስጨርስ ዋናው ላቦራቶሪ ያዛውሩኛል ተብያለሁ። ጋውኑን ቤት ወስጄ ራሴ ተኮስኩት።

ጥቅምት 11

አባዬ ሱቅ መጣ። ሁለት ባለታክሲ ጓደኞቹን አስከትሎ። “እቺ ናት” አላቸው፣ ሌላ ሰው ያለ ይመስል።

ለገዢ የምናሳይበትን መሞከሪያ ማሽን አሳየኋቸው። ትንሽ የብረት ጎማ ይሽከረከራል፣ ሌላ ብረት ከላይ ይጫነዋል። ተራ ዘይት ውስጥ ሲሆን ትንሽ ስጫነው ሲጥ ብሎ ይቆማል። ከጠርሙሳችን ጠብ ሳደርግበት ግን የሚጫነው ክንድ ላይ ብንጠለጠልም አይቆምም። አፋቸውን ከፍተው ቀሩ።

“ቤተ መጻሕፍት፣ ልጅህስ አንደበቷ ተፈቷል። ማንን መሰለች?” አለው አንዱ።

አባዬን ቤተ መጻሕፍት የሚሉት ታክሲው ውስጥ ሬዲዮ ስለማይከፈት ነው። አባዬ ሞተር ሲያመው ይናገራል ባይ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ጆሮውን ጥሎ ነው የነዳው። ሰሞኑንም የሰማው ነገር አለ… ከታች ኳ ኳ የሚል። መካኒኩ ሞተሩ ይከፈት ብሎት ሰኞ ሊያስገባው ተቀጣጥረዋል።

ሲወጣ አንድ ጠርሙስ ሰጠሁት። መጀመሪያ ይሄን ሞክር አባዬ፣ አልኩት።

ጥቅምት 14

ጠዋት ከግቢ ተጣራ። ቦኔቱን ከፍቷል፣ ሞተሩ ይሠራል።

“ስሚው።”

“ምኑን?”

“እሱን ነው የምልሽ። ምኑን?”

ኳኳታው የለም። እንዲህ ሲስቅ ካየሁት ስንት ጊዜዬ። እማዬ በመስኮት ብቅ ብላ “እንኳን አስተማርናት” አለች። የጋራዡን ቀጠሮ ሰረዘው። “ልጄ እያለችልኝ ምን ያንከራትተኛል” አለ።

ከዚያ ገብቶ ሬዲዮውን ከፈተ። መሥራቱን ራሱ አላውቅም ነበር።

ኅዳር 2

ዝናብ። ገዢ የለም። ከገንዘብ ተቀባይዋ ጋር ሥራ ፈትተን… ከቦርሳዋ ሻምፖ አወጣችና “እስቲ ይሄንንስ?” አለች። ማሽኑ ላይ ጠብ አደረግን። ጫንኩት። ተንጠለጠልኩበት። ጎማው ይሽከረከራል።

“በቃ፣ ከዛሬ ጀምሮ መኪናዬን ፀጉሯን ነው የማጥባት” አለች። መኪና የላትም። እስኪያመን ሳቅን። ቀድሜ ያቆምኩት እኔ ነኝ።

ለሥራ አስኪያጁ ነገርኩት። “እኛ ሻምፖ አንሸጥም” አለኝ። ቀና ብሎም አላየኝ።

ኅዳር 5

የኮሌጅ መጽሐፎቼን አወጣሁ። እንዴት አልታየኝም? ያ ማሽን ብረትን ከብረት የሚፋትግበት መንገድ ሞተር ውስጥ ካለው ጋር አይገናኝም። ዘይቱ ራሱ ከፋብሪካ ሲወጣ የሚያስፈልገው ነገር ሁሉ ተመጥኖ ገብቶበታል። ላዩ ላይ ሌላ ሲጨመር ቢቀና ምንም አይመጣም፣ ካልቀና ምጥኑ ይፋለሳል።

የእኛው ደግሞ ማወፈሪያ ነው። በተበላው ብረት መሃል ያለውን ክፍተት ወፍራም ዘይት ሲሞላው ኳኳታው ይጠፋል። መበላቱ ግን አይቆምም። ጠዋት ሞተሩ ቀዝቅዞ ሲነሳ እንዲያውም ዘይቱ እየተጎተተ ነው የሚደርስለት።

ሕመሙን አላዳንኩለትም። አፉን ነው የያዝኩት።

ነገ እነግረዋለሁ።

ኅዳር 6

አልነገርኩትም። ከሬዲዮው ጋር እየዘፈነ ነበር የገባው።

ኅዳር 13

ዛሬም አልነገርኩትም። ደስታውን ላለመንጠቅ ነው እላለሁ… እውነት? የሙከራ ጊዜዬ ሊያልቅ ነው። ለአባዬ የነገርኩትን በማግስቱ ለገዢ እንዴት እደብቃለሁ? የምሳሳው ለእሱ ነው ለጋውኑ?

ኅዳር 19

ነገርኩት። ሥራ ሲያደርሰኝ፣ ሬዲዮውን ዘግቼ።

“አባዬ፣ ሞተሩ አልዳነም። ይከፈት።”

“ኳኳታው የት ሄዶ?”

“አለ። ተሸፍኖ ነው።”

“ጆሮዬን ልካደው?”

“እኔን ስማኝ። ያ የሰጠሁህ ነገር አይረባም።”

“ማሽኑ ላይ ያሳየሽንስ?”

“ሻምፖም እንደዚያ ያደርጋል።”

መብራት ላይ ቆምን። ከዚያ ጉልበቴን መታ መታ አደረገኝ። “አዲስ ሥራ እንዲህ ነው። እኔም መንጃ ፈቃድ ያወጣሁ ሰሞን ፍሬን የያዝኩ አይመስለኝም ነበር። ራስሽን አትጠራጠሪ።”

ራሴን…? እንዴት ላስረዳው?

“ለማንኛውም ጋራዥ ውሰደው።”

“እሺ። አንቺን ደስ ካለሽ ወሩ ሲያልቅ።”

ሬዲዮውን መልሶ ከፈተው። ከፍ አድርጎ።

ኅዳር 27

ተሰበረ።

ዳገቱ ላይ፣ ሰው ጭኖ። ፒስተኑን የሚይዘው ዘንግ፣ ቢየላው፣ ተበጥሶ የሞተሩን ጎን በስቶ ወጣ። ማንም አልተጎዳም። ዘይቱ አስፋልቱ ላይ ወርዷል፣ ወፍራም፣ ማር መስሎ። ከየትኛው ጠርሙስ እንደመጣ አውቃለሁ።

ስደርስ አንዷ ተሳፋሪ ገና አልሄደችም ነበር። “ዘፈኑ ደስ ይል ነበር፤ ምንም አልሰማንም” አለችኝ።

መካኒኩ ከስር ገብቶ ወጣ። ራሱን ነቀነቀ። “በዚያ ሰሞን ብንከፍተው…”

አባዬ አላስጨረሰውም። “አርጅቶ ነበር” አለ። ቶሎ ብሎ። “ድሮም አርጅቶ ነበር።”

ወደ እኔ አላየም።

ታኅሣሥ 2

የላቦራቶሪው ዝውውር ጸደቀ። ከሰዓት አንዲት ሴት ጠርሙሱን አንስታ ያችኑ ጥያቄ ጠየቀችኝ። ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል?

“መኪናሽ ደህና ከሆነ አያስፈልገውም፣ ከታመመ ደግሞ ሕመሙን ይደብቅብሻል። ጥሩ ዘይት በጊዜው ቀይሪለት” አልኳት። ሥራ አስኪያጁ ከኋላዬ ቆሞ ኖሯል።

ጋውኑን አጣጥፌ ባንኮኒው ላይ አስቀመጥኩለት። ገንዘብ ተቀባይዋ እስከ በሩ ሸኘችኝ። ጀግንነት አይባልም። ቀድሞ ቢሆን ይባል ነበር።

ጥር 9

አባዬ የሰው ሚኒባስ ይነዳል። ባለቤቱ በዕድሜ የእኔ እኩያ ነው፣ “ሽማግሌው” እያለ ነው የሚጠራው። አባዬ “አቤት” ይለዋል።

እኔ ጠዋት ጠዋት ሥራ ፍለጋ ስወጣ ፊት ወንበር አብሬው እሄዳለሁ። ሚኒባሱ ገና አዲስ ነው፣ የሚሰማ ነገር የለውም። ሬዲዮው ግን ዝግ ነው። ዳገት ሲጀምር አንገቱን ዘንበል ያደርጋል፣ እንደ ድሮው።

ዛሬ ከኋላ አንዱ “ሬዲዮ የለህም እንዴ አባት?” አለው።

“አለኝ።”

አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ ደግሞ “ልጅህ ናት?” አሉት።

“ኢንጂነር ናት” አለ። በዚያው ድምፁ። ሱቅ ውስጥ ለጓደኞቹ “እቺ ናት” ባለበት።

በመስኮት ውጭ ውጭውን አየሁ። እስከ ዛሬ አንዲት ክፉ ቃል አልወጣውም። እማዬ እንኳ አንድ ሁለቴ ተቆጥታኛለች፣ በተቆጣችኝ ቀን እፎይ ብዬ ተኛሁ። እሱ ግን “አርጅቶ ነበር” ብሎ ዘጋው። ኳኳታው የት ሄደ አባዬ? እኔ እኮ አሁን አውቃለሁ፣ ድምፅ ስለጠፋ ደህና ነው ማለት አይደለም።

ነገም ፊት ወንበር አጠገብህ ነኝ። እስከ ዳገቱ ረጅም መንገድ ነው። አንድ ነገር በለኝ። ስድብም ቢሆን።