በየትኛው ይጀመር

ማክሰኞ፣ የካቲት 5፣ 1988

…እና ባለቤቴ ተፈራ ቁልፉን በእጁ ይዞ፣ በሩ ፊት ቆሞ፣ «ያን ስጪኝ፣ ያን» እያለ። ምኑን? የያዘውን። ሳቅሁ። ከዚያ ወዲህ ያለው ሁሉ፣ መውደቁ፣ አምቡላንሱ፣ የራስ ቅሉ ፎቶ፣ ሮጦ አለፈ። እኔ ግን እዚያ ሳቅ ላይ ቆሜያለሁ።

ዛሬ አፖይንትመንት። ቀዶ ሐኪሙ ሽማግሌ ናቸው፤ እጃቸው ግን የወጣት። ልጃችን ሜሮን መሃል ተቀምጣ አስተረጎመች። አንጎሉ ውስጥ ያለው ዕጢ በግራ በኩል ነው፣ ንግግር ያለበት ሰፈር። ተኝቶ ቢቆረጥ አብሮ ምን እንደሚሄድ አይታወቅም። ስለዚህ ከፍተው ይቀሰቅሱታል። አንጎል ራሱ ሕመም አይሰማውም አሉ። በትንሽ ኤሌክትሪክ እየነኩ ሥዕል ያሳዩታል። የሥዕሉን ስም መጥራት ካቃተው፣ እዚያ ቦታ ላይ ቁራጭ ወረቀት ያኖራሉ፤ ቢላው አይደርስበትም። ይህን ሐኪሙ ወጣት ሳሉ ሞንትሪያል ያዩት ነው። አስተማሪዎቻቸው እንዲህ ያለ ፎቶ በሌለበት ዘመን በሽተኛውን እያናገሩ ካርታ ይሥሉ ነበር። የሰው ሁሉ ካርታ ለየብቻው ነው።

ተፈራ ታክሲ ነጂ ነው። ካርታ ሲባል ፊቱ በራ። «ሜሪዬ፣ ሹፌሩን በሥራ ላይ ማናገር ክልክል ነው በያቸው።» ተረጎመችላቸው። ሽማግሌው ሳቁ።

ከዚያ ጥያቄው መጣ። ሁለት ቋንቋ ሁለት ሰፈር ሊኖረው ይችላል አሉ ሐኪሙ። ሁለቱንም እሞክራለሁ፤ ግን ከደከመው ወይም ካንቀጠቀጠው አቆማለሁ። ያልሞከርኩትን ልጠብቀው አልችልም። በየትኛው ልጀምር? አሉ። በአማርኛ ከሆነ ሥዕሉን ይዤ አጠገቡ የምቀመጠው እኔ ነኝ። በእንግሊዝኛ ከሆነ ሜሮን። ወንበሩ አንድ ነው።

ቀዶ ጥገናው የሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ ነው፤ እስከዚያ ወስኑ አሉን።

ዓርብ፣ የካቲት 8

ሰፈራችን ሬክስዴል በረዶ ለብሷል። ከዳቦ ፋብሪካው ሺፍት መልስ፣ ጫማዬን ሳላወልቅ።

አንተ ደብተር፣ ላንተ ልንገርህ። የእኔ እንግሊዝኛ ከአለቃዬ ትእዛዝ አያልፍም። ሜሮን አምስት ዓመቷ ላይ ነው የመጣችው። አማርኛ ይገባታል፤ አፏ ላይ ያለው ግን «እሺ» እና «መጣሁ» ነው። ተፈራ ከእኔ ጋር የሚጣላው በአማርኛ ነው፤ ከእሷ ጋር የሚስቀው በእንግሊዝኛ። ጠዋት ዩኒቨርሲቲ ሊያደርሳት ሲወጡ፣ መኪናው ውስጥ ሲስቁ በመስኮት አያለሁ። በምን እንደሚስቁ ጠይቄ አላውቅም።

አንዱ ቋንቋ ቢሄድ፣ አንዳችን አጠገቡ ተቀምጠን እናጣዋለን።

በአማርኛ ይጀመር ብዬ ልጮህ ምንም አልቀረኝም። ይህ ስሜት ስም አለው። አልጽፈውም።

እሑድ፣ የካቲት 10

ቅበላ። ከቤ/ክ መልስ። አባ ጸበል ሰጡን። ነገሩን አወራኋቸው። እግዚአብሔር በሁለቱም ይሰማል አሉ። እሱስ ይሰማል፤ የማልሰማው እኔ ነኝ።

የሆስፒታሉ ሥዕሎች መጡ። የበረዶ ሰው፣ የበረዶ መንሸራተቻ ጫማ፣ ስሙን የማላውቀው አውሬ። ተፈራ ግማሹን በአማርኛ ጠርቶት አያውቅም፤ ጤነኛም ሆኖ ፈተናውን ይወድቃል። የራሴን ሣልኩ። ደሴ ሳስተምር ሰሌዳ ላይ እሥል ነበር። እጄ አልረሳም። ወንፊት። ሙቀጫ። ማበጠሪያ። ጃንጥላ። ቁልፍ።

ተለማመድን። አህያውን ሳሳየው የወንድሜን ስም ጠራ። ሐኪሙ ይህን ቢሰሙ ቋንቋው ጠፋ ነው የሚሉት አልኩት። «ኧረ ገና አሁን ተገኘ!» አለ።

ቁልፉ ላይ ዝም አለ። ቆየ። ቆየ። ጠራው። ቀና ስል ሜሮን ከኋላው ቆማለች። ከንፈሯ ከእሱ ጋር ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ የለውም።

ረቡዕ፣ የካቲት 13

ጾም ገብቷል። በየትኛው ይጀመር ብዬ ተፈራን ጠየቅሁት። «ሬዲዮ ነኝ እንዴ፣ ጣቢያ የምትመርጡልኝ?» አለና ወደ ግድግዳው ዞረ። ከእናንተ መሃል ምረጥ አትበሉኝ፣ ተነጋገሩበት አለ። እኔና ሜሮን? በምን አፍ?

ወሰንኩ። በእንግሊዝኛ ይጀመር። እኔ ተፈራን በር ሲከፍት አውቀዋለሁ፤ ኩርፊያችን እንኳ ቃል አይፈልግም። እሷ ገና ናት፤ አባቷን የምትጠይቀው ብዙ አላት። ነገ ለሐኪሙ እነግራለሁ። የምትተረጉምልኝ እሷው ናት።

ሥዕሎቹን ግን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኳቸው። ለምን እንደሆነ አትጠይቀኝ።

ሐሙስ፣ የካቲት 14፣ ጠዋት

ራሱን ተላጭቷል። መነኩሴ መሰልኩ፣ ጾሙም ተስማምቶኛል አለ። እጄን ያዘ፣ የሜሮንን ያዘ። ወሰዱት።

ሐኪሙ ኮሪደሩ ላይ መጡ። ሜሮንን፣ በእንግሊዝኛ ይጀምሩ በያቸው፣ አንቺ ትቀመጫለሽ አልኳት። አየችኝ። «እሺ፣ እማ።» ዞራ ነገረቻቸው። ረዘመ። የእኔ ግን አጭር ነበር። «አምሃሪክ» ስትል ሰማሁ። «ማይ ማዘር» ስትልም። ያን ያህል እንግሊዝኛ አለኝ። ሽማግሌው እሷን አዩ፣ እኔን አዩ፣ እሺ ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። ነርሷ ጋውኑን ወደ እኔ ዘረጋች።

ምን አልሻቸው?

«ያልሽኝን» አለች፣ በአማርኛ። ጋውኑን ከኋላዬ አሰረችልኝ። ቋጠሮውን ሁለቴ አጠበቀችው።

አሁን ትንሿ ክፍል። እስኪቀሰቅሱት ጠብቂ ተብያለሁ። የምጽፈው በቁልፉ ሥዕል ጀርባ ላይ ነው፤ ደብተሩ ውጭ ቀርቷል። ሜሮን ደፉ ላይ ቆማለች፤ ከዚያ ማለፍ አይፈቀድላትም። ገና መመለስ እችላለሁ። «ኖ» ማለት አያቅተኝም። ነርሷ በእጇ ጠራችኝ። ሜሮን፣ ሂጂ አለችኝ። ገባሁ። በሩ ከኋላዬ ተዘጋ።